ወንዙ ገብቶ የሚወጣባት መንደር



አያታችንን «አኮ» እያልን ነው ያደግነው። በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የባሌ ሰው ነበረች። ከጎሮ ወጣ ካለ ገጠር ተድራ አዳማ መጣች፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖራ እዚያው አረፈች። አላህ ይዘንላት። ልጆች ሳለን መብራት በጠፋ ቁጥር ሦስታችንን ከጎኗ ሰብስባ የምትነግረን አንድ ወሬ ነበራት። «አንድ ወንዝ አለ። ተራራው ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። እኔም አብሬው ገብቼ አብሬው ወጥቻለሁ» ትለን ነበር። ከዚያ ስለ «ሆልቃ» ታወራለች። እኛ ደግሞ ሆልቃን የሆነ ሰው ስም አድርገን ነው የያዝነው። ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ እየመሰለን በጨለማው እንፈራው ነበር። ሆልቃ ማለት ዋሻ እንደሆነ ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

ከበሩ ኋላ ደግሞ አንዲት በትር ነበረቻት። ጫፏ ለሁለት የተከፈለ፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰች ባላ። ስትዳር ከአባቷ ቤት ምን ምን ይዛ እንደመጣች አናውቅም፤ በትሯን ይዛ እንደመጣች ግን እናውቃለን። ልጅ አይነካትም ነበር።

አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነን ነገሩ ተለወጠ። እንደ ብዙዎቻችሁ እኛም ዲናችንን በደንብ መማር የጀመርነው በዚያ ዕድሜ ነው። ሶላታችንን አስተካከልን፣ ቁርኣን መቅራት ያዝን፣ አልሐምዱሊላህ። ካሴትና ሲዲ እየተዋዋስን ደርስ እናዳምጣለን። ስለ ተውሒድ፣ ስለ ሺርክ፣ ስለ ቢድዓ ተማርን። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አኮ እንደ ልማዷ ያን ወንዝ ማውራት ስትጀምር ታላቅ ወንድማችን አቋረጣት። «አኮ፣ እዚያ የምትሄዱት ለዚያራ አይደል? ይሄ እኮ ሺርክ ነው። ወሊይ አይለመንም» አላት። እህታችንም ጨመረችበት። ትንሹም ከሁለቱ ላለማነስ ራሱን ነቀነቀ። አኮ አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። «እሺ ልጆቼ» አለችና ሻማውን ለማስተካከል ተነሣች። ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ወንዙ ተናግራ አታውቅም። በትሯም ከበሩ ኋላ ጠፋች። የት እንዳደረገቻት አልጠየቅንም።

ይህን የምንጽፈው ያስተማሩንን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። ያስተማሩን ተውሒድን ነው፤ እስከ ዛሬም የያዝነው እሱኑ ነው። አያታችሁን ከወሬዋ መሃል አቋርጡ ያለን ግን አንድም ሰው አልነበረም። እሱ የራሳችን ሥራ ነው።

አኮ ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ ታላቅ ወንድማችን አንድ ፎቶ ላከልን። ከአለት የተሠሩ ትልልቅ ዓምዶች፣ በመሃላቸው ጸጥ ብሎ የሚሄድ ውሃ፣ ከሥሩ «ሆልቃ ሶፍ ዑመር፣ ባሌ» የሚል ጽሑፍ። ሌላ ምንም አልጻፈም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እህታችን «ገብቶ ይወጣል» ብላ መለሰች። በጥር ወር፣ ወንዙ በሚቀንስበት ጊዜ፣ ሦስታችንም ሄድን።

መንገዱ ከአዳማ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ እና በዲንሾ አድርጎ ሮቤ ይደርሳል። ዲንሾ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የአኮ ወንዝ፣ ወይብ፣ የሚነሣው ከእነዚህ ከባሌ ተራሮች ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ኒያላው ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ከዚያው ተራራ የሚወርደው ውሃ ዝቅ ብሎ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረንም። ማለትም አንዲት ሴት ነግራን ነበር።

ሮቤ የስንዴ አገር ናት። ሜዳው ዓይን እስኪደክም ገለባ ነው። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎሮን አልፎ፣ ነው ሶፍ ዑመር የሚገኘው። ከጎሮ በኋላ መሬቱ መውረድ ይጀምራል። መጀመሪያ ጃኬት አወለቅን፣ ቀጥሎ ሹራብ። ስንዴው አልቆ ግራር መጣ፤ ከግራሩ ኋላ ግመሎች ብቅ አሉ። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ሶፍ ዑመር ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በግማሽ ቀን ከአንድ አየር ጠባይ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። አኮ ይህን መንገድ የሄደችው በእግሯ ነው፤ ሁለት ቀን እንደፈጀባት ከነገረችን ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

መንደሯ ትንሽ ናት። የቆርቆሮና የሣር ክዳን ቤቶች፣ መስጊድ፣ ጥቂት ሻይ ቤቶች፣ በየጥላው የተኙ ፍየሎች። አንድ የጸጉረ ልውጥ መኪና ሲገባ ሕፃናቱ ሁሉ ይመጣሉ። ጸጉረ ልውጡ ብዙ ጊዜ ለዋሻው የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ግን ዋሻውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ሥር በመነጽር ሲያይ ይውላል አሉን። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ፣ አንገቷ ሥር ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ፍለጋ ነው። የመንደሩ ልጆች ወፏን አሳይተው ጉርሻ መቀበል ተምረዋል፤ እኛ እንኳን ስለ ወፏ የሰማነው ከነሱ ነው።

መንደሯ የተቀመጠችው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወደ ታች ስታዩ ወይብ በሰፊ ሸለቆ ይመጣል፤ አንዱ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። እንዲሁ ይጠፋል። ትንሹ ወንድማችን ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ «ውሸቷን አልነበረም ለካ» አለ። ማንም አልሳቀም።

የመንደሯ ስም የሼኽ ሶፍ ዑመር አሕመድ ስም ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከተከታዮቻቸው ጋር ወደዚህ ዋሻ ገብተው እንደተጠለሉና ዋሻውን መስጊድ አድርገው አላህን እንደተገዙበት ትውልድ ለትውልድ ሲያወርሰው ኖሯል። በመንደሯ በኩል ያለው መግቢያ አዬው ማኮ ይባላል፤ የሼኹ ልጅ ስም ነው ይላሉ። ወንዙ በሚወጣበት በታችኛው በኩል ያለው ደግሞ ሆሉቃ። እነሆ በልጅነታችን የፈራነው ጢማም ሽማግሌ!

ሼኽ ሶፍ ዑመርን የባሌ ሰዎች ለብቻቸው አያነሷቸውም፤ ከሼኽ ሑሴን ጋር ነው። ድሬ ሼኽ ሑሴን ከዚህ በስተ ሰሜን ናት፤ ነጫጭ ግንቦቿን በፎቶ ሳታዩ አልቀራችሁም። የሼኽ ሑሴን ቤተሰብ ከሶማሊያ ጠረፍ፣ ከመርካ፣ እንደመጣ ይነገራል። ገድላቸውን የያዘው የዐረብኛ ኪታብ፣ ረቢዑል ቁሉብ፣ በ1927 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ታትሟል። እንዲያው ካርታ አውጡና ተመልከቱ። ወይብ ከዋሻው ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ዶሎ አካባቢ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል፤ በሶማሊያ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ውሃው ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ዒልሙ ደግሞ ከዚያው ጠረፍ ወደ ላይ ወጣ። ነጋዴውና ደረሳው የተመላለሱት በእንዲህ ያሉ ሸለቆዎች ውስጥ ለውስጥ ነው።

አንዳንዶቻችን የኢስላም ታሪክ በኢትዮጵያ ሲባል ነጃሺና ሐረር ላይ እናቆማለን። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የደማስቆው ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ በዚህ አገር የነበሩትን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ሲቆጥር ከይፋት፣ ከደዋሮ፣ ከሀዲያ ጋር ባሊን ጠርቷታል። ባሊ ማለት ይህ ምድር ነው። አኮ የአል-ዑመሪን ስም ሰምታ አታውቅም። እኛ በተራችን አል-ዑመሪን አንብበን የገዛ አያታችንን መንደር አናውቅም ነበር። የትኛው እንደሚብስ ተከራክረንበት አልተስማማንም።

ከውጭ ሰዎች ስለ ዋሻው ቀድመው ከጻፉት አንዱ አሜሪካዊው አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ነው፤ በ1894 እ.ኤ.አ. በዚህ በኩል አልፎ በ1897 መጽሐፍ አሳትሟል። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የእንግሊዝ የዋሻ አጥኚዎች ቡድን መጥቶ ውስጡን ለካና ካርታ አነሣ፤ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ተደምረው 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኑ፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። ልብ በሉ፤ ወንዙ ራሱ ይህን ያህል አይሄድም። ኖራ ድንጋይ ውሃ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ አለቱ ደግሞ በስንጥቅ የተሞላ ነው። ውሃው በዘመናት ብዛት ስንጥቆቹን እያሰፋ፣ አንዱን ከሌላው እያገናኘ፣ እንደ መርካቶ ጉራንጉር አድርጎታል። መሪ የሌለው ሰው ከገባ የሚወጣበትን ያጣል። መግቢያዎቹ አርባ ሁለት ናቸው ይባላል፤ ሰው የሚጠቀምባቸው ጥቂቶቹን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሶፍ ዑመርም ድሬ ሼኽ ሑሴንም የዩኔስኮ ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ጊዜያዊ ማለት ወረፋ መያዝ ነው፤ መመዝገብ አይደለም። ፖስተር ላይ የሚጻፈውን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ።

ወደ መግቢያው ስንወርድ ታላቅ ወንድማችን ቆመ። «እናንተ ግቡ፤ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አለ። መሪያችን የመንደሩ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ፤ ነገር አዋቂ። «ጋሼ፣ ለመግባት መለመን ግዴታ አይደለም። ድንጋይና ውሃ ነው፤ የፈጠረውን እያሰብክ ግባ» አለው። ወንድማችን ትንሽ አፈረ። ቢስሚላህ ብሎ ገባ።

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ቅዝቃዜው ነው፤ ቀጥሎ የሌሊት ወፍ ሽታ። ወለሉ አሸዋና ደረቅ አቧራ ነው። ጣራው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ልጁ በባትሪው እያበራ «እዚህ ሼኹ ይሰግዱ ነበር፤ እዚህ ደረሶቻቸው ይቀመጡ ነበር» እያለ ያሳየናል። አንዳንዱ ቦታ ላይ የዕጣን ጠባሳ አለ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ የከተማ ሰው ስሙንና የመጣበትን ዓመተ ምሕረት በቀለም ጽፏል። እንደኛ ያለ ሰው ነው የጻፈው፤ ከገጠር ለዚያራ የመጣች ሴትዮ ቀለም ይዛ አትመጣም።

ከዚያ ወንዙን አገኘነው። ሱሪያችንን ሰብስበን ገባን፤ ውሃው እስከ ጭን ደረሰ። እህታችን ቀሚሷ ረጥቦ ቢከብዳትም የማንንም እጅ አልያዘችም። «አኮ በምን ልብስ ተሻገረችው?» አለች። ተሻግረን እንደገና ተሻገርን፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ተውነው። የዓምዶቹ አዳራሽ ስንደርስ ፎቶው ላይ ያየነው ቦታ ነበር። ግን ፎቶ ድምፅ የለውም። ውሃው የሚያሰማው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከላይም ከታችም ነው። ዓምዶቹ ሰው የቀረጻቸው ይመስላሉ፤ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዱን ማቀፍ አቃተን። ታላቅ ወንድማችን «ሱብሐነላህ» ሲል ድምፁ ዞሮ ወደሱ ተመለሰ።

ልጁ «አሁን መብራት ላጥፋ፤ አትንቀሳቀሱ» አለን። አጠፋ። እንዲህ ያለ ጨለማ አይተን አናውቅም። ዓይን ተከፍቶም ተጨፍኖም አንድ ነው። ዝም ብለን ቆምን። ያኔ እህታችን በሹክሹክታ «ለምን መብራት ሲጠፋ ብቻ ትነግረን እንደነበር ገባችሁ?» አለች። አዳማ ቤታችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ለኛ ጨለማ ነበር። ለሷ ግን ይሄ ነበር። እዚህ ትመለስ ነበር።

ልጁ መብራቱን ሲያበራ ሦስታችንም ወደተለያየ አቅጣጫ እናይ ነበር።

በሆሉቃ በኩል ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችንን አሳወረን። ወንዙም አብሮን ወጣ። ውዱእ አድርገን ዙሁርና ዐስርን ቀስርና ጀምዕ አድርገን ሰገድን።

ወደ መንደሩ ስንመለስ ልጁ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰደን። መስጊዱ ጥግ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ቀደም ብለው ከሩቅ የመጡ ተጓዦች ነበሩና ዕቃቸው ግድግዳው ሥር ተከምሯል። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኛ ኦሮምኛችን ከአዳማ ገበያ አያልፍም፤ ዋጋ መጠየቅና መቀነስ እንችላለን። የቀረውን ልጁ አስተረጎመልን። አያታችን ከጎሮ በኩል እንደነበረች፣ በልጅነቷ እዚህ መጥታ እንደነበር ነገርናቸው። ደስ አላቸው።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ።

የአባቷን ስም ተናገርን።

«የአባቷስ አባት?»

ዝም።

«ጎሳዋስ?»

እርስ በርስ ተያየን። አባታችን ከአኮ በፊት ነው ያለፈው፤ ስልክ ደውለን የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

«ከማን ጋር መጣች? ከእናቷ ጋር? በየትኛው ንጉሥ ዘመን ነው? ከማን ቤት አደረች? ምናልባት የኛ ቤት ነው ያደረችው።»

አንዱንም አናውቅም። ሽማግሌው አልገሠጹንም። በልጅ ፊት እንዳለ ሰው ለስለስ ብለው ወሬውን ወደ መንገዱና ወደ አየሩ መለሱት። እሱ ነው የባሰው። ለሰው ስምህ ማነው ተብሎ ተጠይቆ መመለስ እንደማቃት ያለ ነገር ነው፤ ያውም ከዲግሪ በኋላ።

ታላቅ ወንድማችን ግን በልቡ የያዘውን ሳይጠይቅ መሄድ አልቻለም። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰዎች እዚህ መጥተው ሼኹን ይለምናሉ ወይ?» አላቸው። ልጁ ሲያስተረጉም ትንሽ አመነታ። ሽማግሌው ግን በጥያቄው አልተቀየሙም። ብዙ ጊዜ የተጠየቁ ይመስላሉ።

«ሰው ብዙ ነው» አሉ። «ሼኹን የሚጠራ አለ። አላህን ብቻ የሚለምን አለ። ምንም ሳይለምን፣ ደክሞት ውሃ ጠጥቶ፣ ዘመዶቹን አግኝቶ የሚመለስ አለ። አያታችሁ ምን ትል ነበር?»

«አናውቅም» አለ ወንድማችን።

«አልጠየቃችኋትም?»

ልጁ ይህቺን ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ስለ ዚያራ ብይን መስጠት የዑለሞች ድርሻ ነው። እዚህ ፈትዋ ልንሰጥ አልመጣንም፤ የያዝነውንም አልለቀቅንም። ነገር ግን ያን ምሽት ለአኮ የተናገርነው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ምን እንዳለች ሳናውቅ ምን እንዳለች ነገርናት። አንድ ጥያቄ ብንጠይቃት ኖሮ ወይ እናርማት ነበር፣ ወይ ታርመን ነበር፤ ሁለቱም ቢቀር የአያቷን ስም እናውቅ ነበር። ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ እንደሆነ እንጃ። ከወዳጆቻችን ስንሰማ ግን የኛ ብቻ አይመስለንም። አንዱ የወሎ አያቱን መንዙማ አቋርጧል፤ አንዷ የስልጤ አያቷን። ሐድራው ላይ የነበራቸውን ክርክር ያስታውሳሉ፤ አያቶቹ ከየት እንደመጡ፣ በየትኛው ረሃብ እንደተሰደዱ፣ ማን እንዳስቀራቸው ግን አያውቁም።

ልንሰናበት ስንነሣ እህታችን ወደ ግድግዳው ሄዳ ቆመች። ከተጓዦቹ ዕቃ አጠገብ አምስት ስድስት በትር ተደግፏል። ሁሉም ጫፋቸው ለሁለት የተከፈለ። «ይቺ የአኮ ናት» አለች። ልጁ ሳቀ። «ኡሌ ሼኽ ሑሴን ነው የሚባለው፤ የሼኽ ሑሴን በትር። ወደ ድሬ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይይዘዋል» አላት። አንደኛው ተጓዥ የራሱን አንሥቶ አሳየን፤ የአባቱ እንደነበረች ነገረን፤ እንድንይዛትም ሰጠን። እጀታዋ ለስልሶ ያበራል። ለካ አኮ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው ይሄን ነው! አዳማ ድረስ። ሃምሳ ዓመት ከበር ኋላ።

«የኛዋ የት ገባች?» አለ ታላቅ ወንድማችን።

ትንሹ ወንድማችን ለመናገር ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። «የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር» አለ። «ሁልጊዜ እዚያ አይደለች እንዴ? ገመዱን ከፍ አድርጋ የያዘችው?»

ሁላችንም እናውቃት ነበር። በየቀኑ በሥሯ ጎንበስ ብለን አልፈናል። ባላ ናት ብለን ነበር፤ ባላም ነበረች።

ጎሮ ላይ አድረን የአባታችንን አክስት ፈለግን። በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። የአኮን አያት ስም፣ ጎሳዋንም ከሳቸው አገኘን፤ በስልክ ድምፃቸውን ቀድተን ያዝነው፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። አንዳንዱን እስካሁን የሚያስተረጉምልን አጥተን ነው ያስቀመጥነው። ወደ ሶፍ ዑመር ስለሄዱበት ጊዜ ስንጠይቃቸው ግን «እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ እሷ ናት የምታውቀው፤ እሷን ጠይቋት» አሉን። መሞቷን ረስተውት ነው። አላስታወስናቸውም።

አዳማ የደረስነው ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዕቃችንን እንኳ ሳናስገባ ጓሮ ሄድን። በትሯ እዚያው ቆማለች። ፀሐይና ዝናብ ሰነጣጥቋታል፤ በመንታ ጫፏ መሃል ገመዱ ጎድጓዳ መስመር አውጥቶባታል። እህታችን ቀስ አድርጋ ነቀለቻት። ገመዱ ረገበ፣ የታጠበው አንሶላ ወርዶ መሬት ነካ።

እናታችን ከኩሽና ወጣች። «ምን ሆናችሁ! አሁን ያጠብኩት እኮ ነው!»

ነገርናት። እጇን በነጠላዋ እየጠረገች አዳመጠችን።

«ማን እዚያ ያቆማት መሰላችሁ?» አለች። «ራሷ እኮ ናት። እናንተ ትንንሾች ሳላችሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ይዛት ወጣች። ‹ልጆቹ ካልወደዷት እንግዲህ ትሥራ› አለችና ገመዱን አስደገፈችባት።»

አዛን ተሰማ። እህታችን በትሯን እንደያዘች ቆመች። እናታችን አንሶላውን ሰብስባ በክንዷ ይዛ «ታዲያ ይሄን በምን ላሰጣው?» አለች። ትንሹ ወንድማችን ሌላ እንጨት ፍለጋ ወጣ።